ኮሪደር ላይ የሚቀረው እውነት

ቀረብ በሉ፤ ይህን ጮክ ብዬ አላወራውም። በካንሰር ክፍል ነርስ ነኝ። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሻይ ስንጠጣ የምንባባለውን፣ ካርድ ላይ የማይሰፍረውን፣ ለታማሚም ለአስታማሚም ፊት ለፊት የማይነገረውን ነው የማጫውታችሁ። ማንንም ላሳጣ አይደለም። ቤታችሁ ውስጥ ካንሰሩ የተሰራጨበት ሰው ካለ፣ እኛ የምናውቀውን ሳታውቁ ወራቱ እንዳያልፉባችሁ ስለምፈልግ ነው። እነዚያ ወራት አይመለሱም።

መጀመሪያ ስለ በሩ ልንገራችሁ። የባዮፕሲው ወይም የሲቲ ስካኑ ውጤት መጥቶ በሽታው ጉበት፣ ሳንባ ወይም አጥንት ውስጥ መግባቱ ሲታወቅ፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰማው ታማሚው አይደለም። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ ቀና ይልና "ከእሳቸው ጋር የመጣው ማነው? አንዴ ወደ ውጭ እንውጣ" ይላል። በሩ ገርበብ ይላል። ወሬው ኮሪደር ላይ፣ በቁም፣ አልጋ እየተገፋ በሚያልፍበት መሃል ያልቃል። "ተሰራጭቷል።" "ደረጃ አራት ነው።" "ቤት ወስዳችሁ ተንከባከቧቸው።" ልጅየው ፊቱን ታጥቦ ይመለሳል። እናትየው ግን በሩ ሲገረበብ አይተዋል፤ የልጃቸው ዓይን መቅላቱንም አይተዋል። ያን ቀን ማንም ምንም ሳይነግራቸው ዋናውን ነገር ሰምተዋል። ያልሰሙት ቀሪውን ነው፦ ምን ሊደረግላቸው እንደሚችል፣ ሕመሙ እንደሚታገስ፣ ብቻቸውን እንደማይተዉ።

ከሐኪሙ ቀድመው እኛን የሚይዙን ቤተሰቦችም አሉ። "ሲስተር፣ በወለደችሽ፣ እንዳትነግሪያት። ከሰማች በድንጋጤ ትሞትብናለች።" ይህን የሚሉት ክፉዎች አይደሉም። እንዲያውም ሌሊቱን ወንበር ላይ የሚያድሩት፣ ደም ለመስጠት ተሽቀዳድመው የሚሰለፉት እነሱ ናቸው። የሚደብቁት ስለሚወዱ ነው። ስለሚወዱም ነው እምቢ ማለት የሚከብደን። እኛም ጊዜ ስለሌለን፣ መናገሩም ስለሚያስፈራን፣ ልመናውን እንደ ምቹ ሰበብ እንቀበለዋለን። ይህን ስል የሙያ ባልደረቦቼ እንደማይቀየሙኝ አምናለሁ፤ ሁላችንም እናውቀዋለንና።

አንዲት እናት ነበሩ፤ ከክፍለ ሀገር የመጡ። ጡታቸው ላይ የነበረው እብጠት ፈርጦ ቆስሏል። ትልቁ ልጃቸው የውጤቱን ፖስታ ከኮቱ ውስጥ አያወጣውም፤ "እማዬ የምታውቀው ቁስል መሆኑን ብቻ ነው" አለኝ። መድኃኒት ሊገዛ ወጣ ሲል እሳቸው እጄን ሳብ አደረጉኝ። "የኔ ልጅ፣ ይሄ ነገር እንደማይለቀኝ አውቃለሁ። ለልጆቼ ግን እንዳትነግሪብኝ። በተለይ ይሄ ትልቁ ሆደ ቡቡ ነው።" እናትና ልጅ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ዓይነት ሐዘን በሆዳቸው ይዘው፣ አንዱ ለአንዱ እያሰበ ይደባበቃል። የሁለቱንም ምስጢር የያዝኩት እኔ፣ ባዕዷ ነበርኩ።

ይህ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ባርኒ ግሌዘርና አንሴልም ስትራውስ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሶሲዮሎጂስቶች በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ሆስፒታሎች ሞት የተቃረባቸውን ሰዎችና አስታማሚዎቻቸውን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1965 መጽሐፍ አሳትመው ነበር። ከለዩዋቸው አራት ሁኔታዎች አንዱ ይኸው ነው፦ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም እንዳላወቀ ይሆናል። ካሊፎርኒያም ኮሪደር አለ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ራውንድ ላውራችሁ። ጠዋት ሲኒየሩ፣ ሬዚደንቶቹ፣ ተማሪዎቹ ተሰብስበው አልጋ በአልጋ ያልፋሉ። "እንዴት አደሩ?" "እግዚአብሔር ይመስገን።" "አልሐምዱሊላህ።" ቡድኑ ወደሚቀጥለው አልጋ ይሄዳል። ካርዱ ላይ "አዲስ ቅሬታ የለም" ተብሎ ይጻፋል። እኚያው ሰውዬ ግን ሌሊቱን ትራሱን ነክሰው እንዳደሩ የማታው ተረኛ ነርስ ታውቃለች። "ተመስገን" የሰላምታ መልስ ነው፤ በአስተዳደጋችን አንድ ሰው እንዴት አደርክ ሲባል ሕመሙን አይዘረዝርም። ጥያቄው እንደ ሰላምታ ከተጠየቀ መልሱም እንደ ሰላምታ ይመለሳል።

የሚሠራው ሌላ ዓይነት ጥያቄ ነው። በአፍሪካ የማስታገሻ ሕክምና ባለሙያዎች በጣት መጠየቅን ለምደዋል። የተጨበጠ እጅ ምንም ሕመም የለም ማለት ነው፤ አምስት ጣት የተዘረጋ እንደሆነ ከዚህ የባሰ የለም ማለት ነው። "ባለፉት ሦስት ቀናት ሕመሙ ስንት ነበር? በጣትዎ ያሳዩኝ" ስትሏቸው፣ አሁን "ተመስገን" ያሉት ሰውዬ አራት ጣት ያወጣሉ። ፊደል መቁጠር አይጠይቅም፣ ጨዋነትንም አይነካም። ካናዳ ውስጥ ኤድመንተን ከተማ ላይ ዶክተር ኤድዋርዶ ብሩዌራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጡት መጠይቅም ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። ከ0 እስከ 10 ባለ ቁጥር የሚጠይቀው ስለ ውጋት ብቻ አይደለም፤ ስለ ድካም፣ ስለ ማቅለሽለሽ፣ ስለ ትንፋሽ ማጠር፣ ስለ እንቅልፋምነት፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ ጭንቀትና ስለ ድባቴም ጭምር እንጂ። ካንሰሩ የተሰራጨበት ሰው ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱን ብቻ ይዞ አይመጣም፤ አምስት ስድስቱን ባንድ ላይ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። እኛ ካልጠየቅን ግን የሚያወጣው አንዱን ብቻ ነው፤ እሱንም ያወጣው እንደሆነ።

ለምን ይደብቃል? ይህን የምናውቀው ከዶክተሩ ክፍል በር ውጭ ያለነው ነን። በኬሞ ቀን አግዳሚ ወንበር ላይ ተጋድሞ የነበረ ሰው ስሙ ሲጠራ ተነሥቶ፣ ኮቱን ቆልፎ፣ ቀጥ ብሎ ይገባል። ገና ከበሩ ሲገባ ሐኪሙ አረማመዱን እንደሚያይ፣ ከቀኑ ስንቱን ሰዓት አልጋ ላይ እንደሚያሳልፍ እንደሚጠይቅ ሰምቷል። እውነቱን ነው፤ ሐኪሞች የታማሚውን አቅም ከ0 እስከ 4 ባለ ቁጥር ይመዝናሉ፣ ኬሞው ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለውም በዚያ ላይ ተንተርሶ ይወሰናል። አስታማሚውም ከውጭ "ጠንከር በል፤ ደክሞኛል እንዳትል፣ ያቆሙብሃል" ብሎ መክሮ ነው የሚያስገባው። ሰውዬው ኬሞውን የሚያየው እንደ መዳኛው ስለሆነ ሕመሙን ይውጣል። ከዚያ መሸከም በማይችል ሰውነት ላይ መድኃኒቱ ይፈስሳል። ቤቱ ገብቶ ሁለት ሳምንት ይወድቃል፤ የወደቀውም በበሽታው ነው ይባላል።

ኬሞው የሚሰጠው ለማዳን ሳይሆን ዕድሜ ለማራዘምና ለማስታገስ መሆኑን አንድ ሰው ቢነግረው ኖሮ፣ ሕመሙን ለመደበቅ ምክንያት አይኖረውም ነበር። ሕመሙን ቢናገር ኖሮ ደግሞ ስለ ቀሪው ጊዜ ማሰቢያ ፋታ ያገኝ ነበር። ሕመም እንቅልፍ የነሣው ሰው እውነትን መስማት አይችልም፤ እውነት ያልተነገረው ሰው ደግሞ ሕመሙን አያወጣም። በሥራዬ ውስጥ ካየሁት ሁሉ ትልቁ ነገር ይህ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን፤ እኛ ግን በሽታውን ከባለቤቱ ነው የደበቅነው።

ይህም የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ካንሰሩ ከሳንባ ወይም ከአንጀት ተነሥቶ ወደ ሌላ አካል የተሰራጨባቸውና ኬሞ የወሰዱ 1,193 ሰዎች ተጠይቀው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል። ኬሞው ሊያድናቸው እንደማይችል ያልተረዱት ከሳንባ ታማሚዎቹ 69 በመቶ፣ ከአንጀት ታማሚዎቹ 81 በመቶ ነበሩ። ወይ አልገባቸውም፣ ወይ ሊገባቸው አልፈለጉም።

ሐኪሙስ ስንት ጊዜ እንደቀረ በትክክል ያውቃል? ይህም ከምስጢሮቻችን አንዱ ነው፤ አያውቅም። ሲሳሳት ደግሞ ወደ መልካሙ በኩል ነው የሚሳሳተው። ቺካጎ ውስጥ ኒኮላስ ክሪስታኪስና ኤልዛቤት ላሞንት 343 ሐኪሞችን ስለ 468 በሞት አፋፍ ላይ ያሉ ታማሚዎች ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ ሐኪሞቹ የገመቱት ጊዜ በአማካይ ከእውነተኛው አምስት እጥፍ በላይ ረዝሞ ተገኝቷል። ታማሚውን ለረጅም ጊዜ ያወቀው ሐኪም ደግሞ የበለጠ ይሳሳት ነበር። ስለዚህ "ስድስት ወር አለው" ወይም "ዓመት ይቆያል" ሲሏችሁ ቁጥሩን እንደ ቀጠሮ አትያዙት። የተሻለው አነጋገር "ወራት ነው ወይስ ሳምንታት? ካለፈው ወር ወደዚህ ወር እንዴት ነው የተለወጠው?" የሚለው ነው። በየወሩ የሚዳከም ሰው የቀረው በወራት፣ በየሳምንቱ የሚዳከም በሳምንታት፣ በየቀኑ የሚዳከም በቀናት ሊቆጠር ይችላል። እኛ እርስ በርስ ስንነጋገር የምንመዝነው እንዲህ ነው።

ወደ ሞርፊን ልምጣ። የሞርፊን ስም ሲነሣ ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር ይለወጣል። ቤተሰቡ "አለቀ ማለት ነው?" ይላል። አንዳንዱ ልጅ "አባቴን ሱሰኛ ልታደርጊብኝ ነው?" ብሎ ይቆጣል። ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ከእኛም መሃል የሚፈሩት አሉ። በልዩ ማዘዣ ወረቀት ይታዘዛል፣ በመዝገብ ይወጣል፣ እያንዳንዷ ጠብታ ይቆጠራል። ማዘዙ ከሚያመጣው ጣጣ ይልቅ ትራማዶል ጽፎ መገላገል ይቀላል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ሕመምን በሦስት እርከን ማስታገስን የመከረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ እኛ ግን ብዙ ሰው በሁለተኛው፣ በትራማዶሉ እርከን ላይ ቆሞ እያቃሰተ እናየዋለን።

የሚቀጥለውን ብታውቁ ፍርሃቱ ይቀላል። በአፍ የሚወሰደው ፈሳሽ ሞርፊን በየአራት ሰዓቱ በሰዓቱ የሚሰጥ ነው፤ ሰውዬው እስኪጮህ አይጠበቅም። የመኝታው መጠን እጥፍ ሊሆን ይችላል፣ ሌሊቱን እንዲያስተኛ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያቅለሸልሻል፣ ያንቀላፋል፤ እንቅልፉ ብዙውን ጊዜ የሳምንታት የእንቅልፍ ዕዳ ነው። ሁለቱም እየቀነሱ ይሄዳሉ። የማይቀንሰው የሆድ ድርቀት ነው፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ካልታዘዘላችሁ ጠይቁ። ሞርፊኑ ተጥሎ የሚቀረው በሱስ ሳይሆን በሆድ ድርቀት ነው። ለካንሰር ሕመም፣ በሚገባው መጠን፣ በክትትል ሲሰጥ ሱስ እምብዛም አያስይዝም። ሞትንም አያፋጥንም። በድንገት ማቋረጥ ግን አይገባም።

ጉዳዩ የአገር ብቻ ሳይሆን የዓለም ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ዘገባ፣ በዓለም ከሚሠራጨው 298.5 ቶን ሞርፊንና መሰል ማስታገሻ ውስጥ ለድሃ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው ብሏል። መውጫ እንዳለው ደግሞ ኡጋንዳ አሳይታለች። ዶክተር አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 ሆስፒስ አፍሪካ ኡጋንዳ የተባለውን የማስታገሻ ሕክምና ተቋም ሲያቋቁሙ የሞርፊን ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ በርካሽ እንዲሠራ አደረጉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮም ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች ራሳቸው እንዲያዙ የኡጋንዳ ሕግ ፈቀደ። እኔም ነርስ ስለሆንኩ ይህን ሳስብ ልቤ ይነካል። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ አልጋው አጠገብ ያለነው እኛ ነንና። እዚህ አገርም ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 በሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን ተመሥርቶ አዲስ አበባ ውስጥ ታማሚዎችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ሲያስታምም ቆይቷል። የጀመረችው ነርስ መሆኗን ልብ በሉ።

ማንም የማይነግራችሁን ሌላ ነገር ላንሣ፤ ሽታ። በአገራችን ሴቶች ላይ ከሁሉ በላይ የሚታዩት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው፤ ብዙዎቹም የሚመጡት ዘግይተው ነው። የቆሰለው ጡት ይሸታል። ከማኅፀን የሚወጣው ፈሳሽ ይሸታል። ታማሚዋ ነጠላዋን እየደራረበች ጥግ ትይዛለች፣ ቡና ሲፈላ አትመጣም፣ ልጅ ሊስማት ሲጠጋ ፊቷን ታዞራለች። ሐኪም ፊት ይህን ለመናገር ታፍራለች፤ እኛም እንዳናሳፍራት ዝም እንላለን። እኚያ ከክፍለ ሀገር መጡ ብዬ ያነሣሁላችሁ እናት ሕመማቸው በጣት ሲጠየቅ ሁለት ብቻ ነበር ያወጡት። "ከሁሉ የሚያስጨንቅዎ ምንድነው?" ስላቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ቤተ ክርስቲያን መግባት ተውኩ፤ ሰው አፍንጫውን ይይዛል" አሉኝ።

ለዚህ ያለው መፍትሔ ርካሽ መሆኑ ነው የሚቆጨኝ። ሜትሮኒዳዞል የተባለው የታወቀ ክኒን ተፈጭቶ በታጠበው ቁስል ላይ ሲነሰነስ ሽታውን የሚያመጡትን ጀርሞች ይገድላል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ልዩነቱ ይታያል። ቁስሉን በንጹሕ የጨው ውሃ ማጠብ፣ ፋሻው እንዳይጣበቅና እንዳያደማ አርጥቦ ማንሣት፣ ፈሳሹን የሚመጥ ነገር ማሰር፤ ነርስ አንዴ ካሳየቻችሁ ቤት ውስጥ ትችሉታላችሁ። የእኚያ እናት ትልቁ ልጅ አጠባውን ተማረ። እናቱ ቁስላቸውን ሲያሳዩት የፖስታው ምስጢር በራሱ ጊዜ ወጣ። እሱ ሲያጥብ እሳቸው "ይሄ ካንሰር ነው አይደል?" አሉት፤ እሱም "ነው እማዬ" አላቸው። ሲወድቁ አላየሁም። በድንጋጤም አልሞቱም። የተናገሩት ስለ ትንሿ ልጃቸው ትምህርትና ስለ አንድ የቆየ የመሬት ጣጣ ነበር፤ ወንድማቸው እንዲጠራላቸውም ጠየቁ።

"ከሰማች ትሞትብናለች" የሚለው ፍርሃት በጥናትም ተፈትሿል። አሜሪካ ውስጥ 332 በጽኑ ካንሰር የታመሙ ሰዎችና አስታማሚዎቻቸው ክትትል ተደርጎባቸው እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው ጥናት፣ ስለ ሕይወታቸው ፍጻሜ ከሐኪም ጋር የተነጋገሩት ካልተነጋገሩት የበለጠ ለከባድ ድባቴ አልተዳረጉም። በመጨረሻው ሳምንት በማሽንና በጽኑ ሕሙማን ክፍል የመንገላታታቸው ነገርም ቀንሶ ተገኝቷል። ቦስተን ውስጥ ደግሞ በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል 151 የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር ያለባቸው ሰዎች በሁለት ተከፈሉ፤ አንዱ ወገን ከካንሰር ሕክምናው ጎን ለጎን ገና ከጅምሩ የማስታገሻ ሕክምና ቡድን ተመደበለት። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ውጤት፣ እነዚህ ሰዎች ኑሯቸው የተሻለ፣ ድባቴያቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ የኖሩትም በአማካይ 11.6 ወር ነበር፣ ሌሎቹ 8.9 ወር ሲኖሩ። ሕመምን ማስታገስና እውነትን መነጋገር ዕድሜ አላሳጠረም።

ስለ ቦርድ ወረቀትም ልንሾካሾክ። ቤተሰቡ "ቦርድ ይውጣለት፣ ውጭ እንውሰደው" ይላል። የሕክምና ቦርዱ ሕክምናው በአገር ውስጥ አይገኝም ብሎ ይጽፋል። ቤተሰቡ የሚያነበው ግን "ውጭ ይድናል" ብሎ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ስንት ቤት እንዳሸጠ አትጠይቁኝ። ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራ እህት ደመወዟን ትልካለች፣ ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶች ገንዘብ ያሰባስባሉ፣ ታማሚው ወደ ሕንድ ወይም ወደ ታይላንድ ይሄዳል። መሄዱ የሚጠቅመው ሰው አለ፤ ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና በአገሪቱ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለነበር ወረፋው ስንቱን እንዳሳለፈ እናውቃለን። ነገር ግን ካንሰሩ ጉበቱን ለሞላው ሰው ከቲኬቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፦ "እዚያ የሚያገኘው ሕክምና ያድነዋል ወይስ ጥቂት ጊዜ ይጨምርለታል? ያን ጊዜስ የት ቢያሳልፈው ይመርጣል?" የመጨረሻውን የሚመልሰው ታማሚው ብቻ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ማወቅ አለበት።

ምግቡንም አንርሳ። ቤተሰብ ከሁሉ በፊት ለእኛ የሚያማርረው "አልበላ አለ" ብሎ ነው። አጥሚት ይቀርባል፣ ማንኪያ አፍ ላይ ይደቀናል፣ "ስለኔ ስትይ" ይባላል። በሽታው ሲገፋ የምግብ ፍላጎት መጥፋቱ የበሽታው ሥራ ነው፤ ሰውዬው ያልበላው ስላልወደዳችሁ ወይም መኖር ስላልፈለገ አይደለም። ሲገደድ ያስመልሰዋል፣ ይታነቃል፣ እንግዳ ፊት ያፍራል። ጥቂት፣ የሚወደውን፣ በጠየቀ ጊዜ ስጡት። አፉን በርጥብ ጨርቅ ማርጠብ፣ ከንፈሩን ቅባት መቀባት ከአንድ ማንኪያ አጥሚት በላይ የሚያሳርፍበት ጊዜ ይመጣል። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ደግሞ ቀና ተደርጎ ተደግፎ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ፊቱ ላይ ነፋስ ሲገባለት ይቀለዋል፤ በእጅ ማራገቢያ ፊትን ማራገብ እንደሚረዳ በጥናት ተረጋግጧል።

እንዴት ይነገር ካላችሁ፣ እኛ ኢትዮጵያውያን ክፉ ወሬ መንገርን ከማንም አንማርም። መርዶን አስቡት። ጎህ ሲቀድ ነው። የቅርብ ዘመድ ተጠርቶ ቀድሞ ይሰበሰባል። የሚይዘው፣ የሚያባብለው፣ አብሮት የሚውለው ሰው ይዘጋጃል። የሚናገረው የሚከበር ሰው ነው። ከተነገረ በኋላ ማንም ጥሎት አይሄድም። የውጭ ሐኪሞች ክፉ ዜና ስለ መንገር ባወጧቸው መመሪያዎች ውስጥ የሚያስተምሩትም ይህንኑ ነው፦ ቦታ አዘጋጅ፣ ቁጭ በል፣ የሚያውቀውን ጠይቅ፣ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ጠይቅ፣ ቀስ ብለህ ንገር፣ ሐዘኑን አብረህ ቻል፣ ቀጥሎ የሚደረገውን ተስማሙ። ይህን ሁሉ ጥበብ ሰው ከሞተ በኋላ ለቀሪዎቹ እናውለዋለን፤ ለሚሄደው ሰው ግን ኮሪደር ላይ በቁም እንጨርሰዋለን። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

መንገር ማለት ሁሉንም ባንዴ ማፍሰስ አይደለም። ማወቅ የማይፈልግ ሰው አለ፤ ያም መብቱ ነው። ያን የሚወስነው ግን እሱ እንጂ ልጁ ወይም እኔ አይደለንም። "ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ለእርስዎ ልንገርዎ ወይስ የሚወክሉት ሰው አለ?" ብሎ መጠየቅ ይበቃል። አንዳንዱ "ለልጄ ንገሩት" ይላል፤ እሺ ነው። አንዳንዱ "እሞታለሁ ወይ?" ብሎ ባልታሰበ ሰዓት፣ ቴርሞሜትር ስትይዙለት ይጠይቃል። ያኔ "ኧረ ምን ሆነህ!" ብላችሁ አፉን አትዝጉት። "ምን አስበህ ነው? ምን አስፈራህ?" በሉት። ብዙውን ጊዜ የሚፈራው ሞቱን ሳይሆን ታፍኖ መሞትን፣ ለሰው ሸክም መሆንን፣ ያልተከፈለ ዕዳ ጥሎ መሄድን ነው፤ ለእነዚህ ደግሞ መልስ አለን። ለኦርቶዶክሱ የንስሐ አባቱን፣ ለሙስሊሙ ሸኹን፣ ለፕሮቴስታንቱ ፓስተሩን አስቀድማችሁ ጥሩ። ጸበል የሚሄድም ካለ ሞርፊኑን ይዞ ይሂድ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ስትመጡ እነዚህን ይዛችሁ ግቡ። ሐኪሙን፣ "ይህ ኬሞ ወይም ይህ ጨረር ለማዳን ነው ወይስ ለማስታገስ?" በሉት፤ ለአጥንት ሕመም አንድ ቀን ብቻ የሚሰጥ ጨረር እንኳ ሕመሙን ሊያስታግስ ይችላል፣ ጨረር የተባለ ሁሉ ግን ለማዳን አይደለም። እኛን ነርሶችን፣ "ሌሊት ሕመሙ ቢነሣበት ምን እስጠው? ማንን ልደውል?" በሉን። ታማሚያችሁን ደግሞ ሰው በሌለበት ቁጭ ብላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁት፦ "ሕመሙ በጣትህ ስንት ነው?" እና "ከሁሉ የሚያሳስብህ ምንድነው?" ለመጀመሪያው መልስ መድኃኒት እንድንሰጣችሁ ተሟገቱን፣ አንቀየምም። ለሁለተኛው መልስ ጆሮ ስጡ። ቀሪው ጊዜ የእሱ ነው፤ አውቆ፣ ሕመሙ ታግሶለት ሊያዝበት ይገባል፤ ይህን ደግሞ ከእኛ እንደ ውለታ አትለምኑት፣ እንደ መብት ጠይቁት።